«እናቴ አይደለሽም» ላለኝ ልጅ ምን ልበለው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር አራት ጥያቄ ነው ያወጣነው። አራቱም ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉ ሰፈሮችን የሚመለከቱ ናቸው (አንዷ እናት የጻፈችልን ከሪያድ ነው፣ ልጇ ግን ሰበታ ነው ያለው)፣ ጉዳያቸው ስለሚነካካም አንድ ላይ አደረግናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርገናል፣ ሌሎቹ የሚጠይቁት ግማሹ እዛ ውስጥ አለ። ማንነት የሚያሳውቁ ነገሮችን አውጥተናል፣ አጻጻፋቸውን ግን ብዙም አልነካነውም።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። የእህቴን ልጅ ነው ማሳድገው፣ እህቴ ቤይሩት ናት፣ ስትሄድ ልጁ 3ኛ ክፍል ነበር አሁን 10ኛ ነው፣ 16 ዓመቱ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ማለት አሁንም ክፉ አይደለም ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ተቀየረብኝ። ከትምህርት ቤት 9 ሰዓት ተኩል ይለቀቃል፣ ቤት ሚገባው ግን ማታ 1 ሰዓት 2 ሰዓት ነው፣ ሲገባ ማስቲካ እያኘከ ነው፣ ልብሱ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ እኔ ፍቅር ይዞት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዛ ዩኒፎርሙን ላጥብ ቦርሳውን ሳራግፍ ላይተር ወደቀ። ስጠይቀው የጓደኛዬ ነው አለ፣ ስቆጣው «አንቺ እናቴ አይደለሽም፣ የምትበይውም እናቴ በላከችው ነው» ብሎኝ በሩን በላዬ ላይ ዘግቶ ወጣ። ይሄን ቃል እስካሁን መርሳት አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር ቤቱም በእህቴ ብር ነው የተገዛው፣ የኔ ስራ ትንሽ ነው። ባለቤቴ ወይ ደህና አድርጌ ልግረፈው ወይ ይውጣልኝ ይላል፣ እሱ ራሱ ያጨሳል ግን በረንዳ ላይ ወጥቶ ነው ቤት ውስጥ አጭሶ አያውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ሰው ቤት ናት እንቅልፍ እንኳን የላትም፣ ብነግራት ታብዳለች ብዬ ፈራሁ። ጎረቤት ደሞ ጠበል ውሰጂው ይለኛል። ልንገራት ወይስ እኔው ልወጣው? ጠበል ይሻላል ወይስ ሀኪም? ብቻ ግራ ገብቶኛል። (አክስት፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይተሩ በፊት ያንን ቃል እናንሳው፣ ከሲጋራው በላይ ያቆሰለሽ እሱ ይመስላል። ክፉ ቃል ነው፣ ልጁም የት እንደሚያም አውቆ ነው የወረወረው። ግን ከየት አመጣው? ብሩ ከማን እንደሚመጣ ያውቃል፣ ቤቱ በማን ብር እንደተገዛ ያውቃል፣ ምናልባትም እናቱ በቀጥታ በቴሌብር የምታስገባለት አንቺ መጠኑን የማታውቂው የኪስ ገንዘብ አለው። አንቺ ስትቆጪውም ግማሽ መንገድ ላይ እንደምትመለሺ ያውቃል፣ «እናቱ ጋ ደውሎ በደለችኝ ቢልስ» ብለሽ። የ16 ዓመት ልጅ ይሄን ሁሉ ማንም ሳይነግረው ያነበዋል። እናቱ ቤይሩት ሆና ሲጋራ ልትከለክለው አትችልም፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ስልጣን የለሽም፣ ባልሽ ስልጣን ያለው በዱላ ብቻ ይመስለዋል፣ በዚህ መሃል ልጁ ማታ 2 ሰዓት ሲገባ የት ነበርክ ብሎ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ ሰው የለም። እኛ እንደሚመስለን መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ይሄ ነው፣ እዛ ቤት ውስጥ ለዚህ ልጅ አሁን ወላጁ ማነው የሚለው በግልጽ ይነገር። እሱ ሳይነገር ሲጋራው ላይ ብትዘምቺ ላይተሩን ሌላ ቦታ ይደብቀዋል እንጂ ሌላ ምንም አይመጣም።

ስለዚህ አዎ፣ ለእህትሽ ንገሪያት። እኛ ጋ ውጭ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፣ መርዶ እንኳን ስንት ዘዴ ተፈልጎለት ነው፣ ይሄ ደግነት እንደሆነ ይገባናል። ግን እዚህ ላይ መደበቁ ልጁን ነው የሚጠቅመው፣ እሱም ደብቀሽለት እንደምትቆዪ ያውቃል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ብትነግሪያት እኮ ምን እንደምትሆን ታውቂያለሽ» ብሎ ያስፈራራሽበታል። ብቻ አነጋገሩ ላይ ተጠንቀቂ። መጀመሪያ ለልጁ ንገሪው፣ «እስከ እሁድ አንተ ራስህ ንገራት፣ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፣ ከጀርባህ አልሄድም» በይው። ከዛ በጽሁፍ እንዳትልኪ፣ ሰው ቤት ምሳ እያቀረበች ስልኳ ላይ «ልጅሽ ሲጋራ ጀምሯል» የሚል ነገር ብታነብ ቀኑን ሙሉ ምን ሆና እንደምትውል አስቢው። እረፍት በምታገኝበት ሰዓት በድምፅ ይሁን፣ ስትነግሪያትም ያገኘሽውን፣ አንቺ እያደረግሽ ያለሽውን፣ ከሷ የምትፈልጊውን በዚህ ቅደም ተከተል ንገሪያት፣ ለቅሶው ከመጣ ከዛ በኋላ ይምጣ።

ከሷ የምትፈልጊው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ሶስታችሁም ባላችሁበት ጥሪ ላይ ለልጇ «አክስትህ ያለችው እኔ ያልኩት ነው፣ እሷ አትወጣም ካለች አትወጣም» ትበለው፣ እሱ እየሰማ፣ አንቺም እየሰማሽ። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ቤት ውስጥ በስንት ዓመት አንዴ እንኳን አልተባለም። ሁለተኛ የኪስ ገንዘቡ ባንቺ በኩል ይምጣ፣ በሳምንት በሳምንት። ጨርሶ ይቆረጥ እያልን አይደለም፣ ሲጋራ በፍሬ ስለሚሸጥ ከታክሲ መልስ በምትተርፍ ሳንቲም ይገኛል፣ ብር አጥቶ ያቆመ ልጅም ብዙ አናውቅም፣ ከጓደኛ ይስባል። ገንዘቡ ባንቺ ይምጣ የምንለው «በእናቴ ብር ነው የምትበይው» የሚለው ነገር መሰረቱ እንዲናድ ነው።

አሁን ወደ ላይተሩ። የጓደኛዬ ነው ያለው እውነት ሊሆንም ይችላል፣ ግን ልሞክር ብሎ አንድ ሁለቴ የሳበ ልጅ ከሰው ይለኩሳል እንጂ የራሱን ላይተር ይዞ አይዞርም፣ ቦርሳው ውስጥ ካለ ለመድ ለመድ አድርጎታል ብለሽ አስቢ። የጤና ባለሙያዎች የሱሱን ጥልቀት ለማወቅ ስንት ሲጋራ በቀን ከሚለው ጋር አብረው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፣ ጠዋት ከእንቅልፍህ ከተነሳህ ስንት ደቂቃ ቆይተህ ነው የመጀመሪያዋን የምታጨሰው? በ30 ደቂቃ ውስጥ ከሆነ ሰውነቱ ኒኮቲን (ሲጋራ ውስጥ ያለው ሱስ የሚያስይዘው ነገር) እየጠየቀው ነው ማለት ነው። ከትምህርት ቤት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ብቻ ከሆነ ደግሞ ገና ሰዓቱና ቦታው ነው የያዘው፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ሲውል አይነጫነጭም። ይሄን ሳይቆጡ መጠየቅ ይቻላል፣ እውነቱን የሚነግርሽም ካልተቆጣሽ ብቻ ነው። «ትንሽ ነው የማጨሰው» ካለሽ ግን አትዘናጊ፣ አእምሮ እስከ 25 ዓመት አካባቢ እድገቱን ስለማይጨርስ በዚህ እድሜ ኒኮቲን ከአዋቂው በፍጥነት ይይዛል፣ በቀን ሁለት ሶስት ፍሬም ለሱስ ይበቃል።

9 ሰዓት ተኩል ተለቆ 2 ሰዓት ይገባል ብለሻል፣ አራት ሰዓት ተኩል ማለት ነው፣ በየቀኑ። እዛ አካባቢ ያለ ሰው ያውቀዋል፣ ከፑል ቤት ከፕሌይስቴሽን ቤትና ካላለቁ ህንፃዎች ሌላ ለአንድ ጎረምሳ ምን አለ? ሱቅ በደረቴውም እዛው ነው የሚዞረው፣ ማስቲካውም ሶፍቱም ሲጋራውም አንድ ሳጥን ውስጥ። ልጁ መጀመሪያ ሲጋራ ፍለጋ አልሄደም፣ ቤት ሄዶ ማን ይጠብቀዋል? ስለዚህ «አትጨስ» ከሚለው በፊት የነዛ ሰዓቶች ጉዳይ ይምጣ። በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን 11 ሰዓት ላይ ቤት እንዲገኝ የሚያደርግ እውነተኛ ስራ ስጪው፣ የታናናሾቹን የቤት ስራ ማየት ይሁን፣ አንቺ ጋ መጥቶ ስራሽን ማገዝ ይሁን፣ የሰፈር ኳስ ቡድን ካለም ልምምዱ ላይ ይግባ። ትምህርት ቤቱ ሄደሽ ሆም ሩሙን ወይ ዩኒት ሊደሩን አነጋግሪ፣ ግን «ያጨሳል ቅጡልኝ» ብለሽ አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ አለ ወይ፣ ከማን ጋር ይወጣል፣ ይሄን ብቻ ጠይቂ፣ ማጨሱን አደባባይ ካወጣሽው ተማሪው ሁሉ ነው የሚያውቀው።

አንድ ነገር እንለምንሽ። «እናትህ ላንተ ብላ ሰው ቤት እየተንገላታች አንተ ታጨሳለህ» የሚለውን ንግግር ተዪው፣ ጎረቤቶችሽም ይተዉት። እውነት ነው፣ እየተንገላታች ነው፣ ልጁ ግን ይሄን ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ሲሰማው ነው የኖረው፣ ውጤቱ ዝቅ ሲል ይሰማል፣ ጫማ ሲቀድ ይሰማል። እኛ በዚህ አምድ ከሚጽፉልን ልጆች ስናይ ይሄ ንግግር ልጁን ያሳፍረዋል፣ ያፈረ ልጅ ደግሞ ቤት አይገባም፣ ወደነዛ ህንፃዎች ነው ተመልሶ የሚሄደው። በዚህ ጉዳይ ከብዙ ሰው ጋር እንከራከራለን፣ ዛሬም አንሸነፍም።

ባለቤትሽን በተመለከተ፣ በረንዳ ላይ ማጨሱ ጭሱ ቤት እንዳይገባ ካሰበ ጥሩ ሀሳብ ነው፣ ግን ልጁ በረንዳውን ያያል እኮ! ቤት ውስጥ የሚያጨስ አዋቂ መኖሩ ታዳጊዎች እንዲጀምሩ ከሚገፉት ነገሮች አንዱ ነው፣ ከዛ ያ ሰው ራሱ ቀበቶ ይዞ ቢነሳ ልጁ ምን ይላል? ዱላውን ይተወው። ከቻለ ከልጁ ጋር አብሮ ያቁም፣ ካልቻለ ቢያንስ ልጁ ፊት አያጭስ፣ ፓኮውን ጠረጴዛ ላይ አይተው፣ አምጣልኝ ብሎም ሱቅ አይላከው። ከአጫሽ አዋቂ የሚጠቅም አንድ ንግግር አለ፣ «እኔ በዚህ እድሜ ጀምሬ ይኸው ማቆም አቃተኝ» የሚለው፣ እሱን ካለው ዱላው ያልሰራውን ይሰራል።

ጠበልና ሀኪም ለምን እንደሚጣሉ አይገባንም። ልጁ ፈቅዶ ከሄደ ጠበሉም ንስሐ አባቱም ጥሩ ነው፣ በግድ ጎትተሽ ከወሰድሽው ግን ቤተክርስቲያኑንም ያስጠላሽዋል። ጤና ጣቢያ ደግሞ ለወጣቶች የተለየ አገልግሎት የሚሰጡ ባለሙያዎች አሉ፣ ከዛ ጀምሩ። ከሲጋራው ሌላ ጫት ወይ መጠጥ ወይ ሌላ ነገር ካለ፣ ወይ ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ትቶ፣ መኖር ሰለቸኝ አይነት ንግግር ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍልሻል፣ አማኑኤል ሆስፒታል የሱስ ህክምና አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ሪያድ ነው ያለሁት ልጄ 15 ዓመቱ ነው ሰበታ ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ ሲጋራ ሲያጨስ ይዤዋለሁ አለችኝ ከዛን ቀን ጀምሮ ስራ መስራት አቃተኝ ሳህን ሁሉ ከእጄ እየወደቀ ነው። በኔ መሄድ ነው አይደል እንዲህ የሆነው እውነቱን ንገሩኝ። ኮንትራቴ 8 ወር ይቀረዋል ጥዬ ልምጣ? አንዷ ጓደኛዬ ደሞ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ላኪለት እሱ ጉዳት የለውም ቀስ ብሎ ይተዋል አለችኝ፣ እዚህ ይሸጣል ልላክለት? (እናት፣ ሪያድ)

መልስ፦ እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ እንነግርሻለን። በፈረንጆቹ 2018 ላንሴት በሚባለው የህክምና መጽሔት ላይ ወላጆቻቸው ለስራ ርቀው የሄዱባቸውን ልጆች የሚመለከቱ 111 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ወጥቶ ነበር። ወላጆቻቸው አብረዋቸው ካሉ ልጆች ጋር ሲወዳደሩ ሲጋራና መጠጥን በመሳሰሉ ነገሮች የመጠመድ እድላቸው በ24 በመቶ ከፍ ብሎ ነው የተገኘው፣ የድብርቱ በ52 በመቶ፣ የጭንቀቱ ደግሞ በ85 በመቶ። ከ111 ጥናቶች 91ዱ ቻይና የተሰሩ ናቸው፣ እዛ ወላጆች ገጠር ልጆቻቸውን ትተው ወደ ትልልቅ ከተሞች ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ አንስተን ሰበታ ላይ አንለጥፈውም። ግን አየሽ አይደል፣ መራቅሽ ነገሩን ያከብደዋል፣ ምንም አያገናኘውም ብንልሽ ዋሸን። በሌላ በኩል ሲጋራው ላይ ያለው ልዩነት ከሶስቱ ትንሹ ነው፣ እናትና አባታቸው ጓዳ ውስጥ እያሉ የሚያጨሱ ልጆችም ሞልተዋል። እኛን ከሲጋራው በላይ ያሳሰበን የድብርትና የጭንቀቱ ቁጥር ነው። ስለዚህ ስትደውዪ ስለ ሲጋራው ከመጠየቅሽ በፊት እንቅልፉን ጠይቂው፣ ከማን ጋር እንደሚውል ጠይቂው፣ ዝም ካለም ዝም ብለሽ ስልኩ ላይ ቆዪ።

ጥዬ ልምጣ ወይ ለሚለው፣ ኮንትራት አፍርሶ መውጣት እዛ ሀገር ምን እንደሚያስከትል አንቺ ከኛ በላይ ታውቂያለሽ፣ ደሞዝሽም ኢቃማሽም (የመኖሪያ ፈቃድሽ) አሰሪሽ እጅ ላይ ነው። በድንጋጤ የምትወስኚው ነገር አይደለም፣ በተለይ እዳ ካለብሽ። 8ቱን ወር ከእናትሽ ጋር ስልጣን ተካፍላችሁ ማለፍ ይቻላል (ከላይ ለየካ አባዶዋ አክስት የጻፍነውን አንብቢው፣ ለእናትሽም አንብቢላት)። ሲያልቅ ግን ከማደስሽ በፊት ልጁን አስቢ፣ ዘመድ ሁሉ «አንድ ሁለት ዓመት ጨምሪ» እንደሚልሽ እናውቃለን፣ ቤቱ ገና ጣራ አልለበሰም፣ ታናሽ እህትሽ ልትመረቅ ነው፣ ሁሌም አንድ ነገር አለ።

አንድ የሚጠቅምሽ ነገር ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። ብዙዎቻችሁ ማታ ስራ ጨርሳችሁ 5 ሰዓት 6 ሰዓት ላይ ነው ኢሞ የምትከፍቱት፣ ልጁ ያኔ ወይ ተኝቷል ወይ ስልኩ ላይ ፈዟል። ከቻልሽ ከሰዓት ልክ ከትምህርት ቤት በሚወጣበት ሰዓት አጭር የድምፅ መልእክት ላኪለት፣ አንድ ደቂቃ ትበቃለች፣ «በላህ ወይ፣ ዛሬ ምን ተማራችሁ» ምናምን፣ በዛ ሰዓት የሚያስብህ ሰው አለ የሚል ነገር እንዲደርሰው ነው። የምክር መልእክት ግን አትላኪ በናትሽ፣ አይሰማውም፣ አንድ ተኩል እጥፍ አፍጥኖ ነው የሚያሳልፈው።

ቬፕ አትላኪ። ኒኮቲኑ ያው ነው፣ አንዳንዱማ ከሲጋራ የበለጠ ኒኮቲን አለው፣ የሚጣፍጥ የፍራፍሬ ሽታ ስላለው ደግሞ ክፍል ውስጥም ቤትም ያለ ፍርሃት ይስበዋል። ከዛ በላይ እዚህ ሀገር ማስገባትም መሸጥም በህግ ክልክል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ይዛልሽ የምትመጣው ሰው ላይም ችግር ታመጫለሽ። የኒኮቲን ማስቲካ ልላክ ብለሽም ካሰብሽ ለ15 ዓመት ልጅ ባለሙያ ሳያየው አይሰጥም።

ጥያቄ፦ ሰላም እኔ 17 ዓመቴ ነው ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው ከታላቅ ወንድሜ ጋር። አባቴ ደቡብ አፍሪካ ነው እናቴ የለችም። ሲጋራ የጀመርኩት ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ስንቅም ነው አሁን ግን በአዘቦትም ይዞኛል በቀን 4 5 ፍሬ። ኳስ እጫወታለሁ ክንፍ ነኝ ግን ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ትንፋሼ ያልቃል አሰልጣኙም ነገረኝ። ወንድሜም ያጨሳል። ለአባቴ ሳይነገር ማቆም እችላለሁ? ልጆቹ ደሞ ሺሻ ይሻላል በውሃ ተጣርቶ ነው የሚመጣው ይላሉ እውነት ነው? (ክንፉ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አዎ ትችላለህ፣ በቀን 4 5 ፍሬ ላይ ሆነህ መጠየቅህም ጥሩ ጊዜ ላይ ነህ ማለት ነው። ትንፋሽህን የሚበላብህ በአብዛኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው፣ ከጭሱ ጋር ገብቶ ደምህ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፣ ኒኮቲኑ ደግሞ ገና ሳትሮጥ ልብህን ያስሮጠዋል። ደስ የሚለው ጋዙ ካቆምክ አንድ ቀን አካባቢ ውስጥ ከደምህ ይወጣል፣ የሳንባህ አቅም ደግሞ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እየተሻሻለ ይመጣል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ታየዋለህ።

ከባዱ የመጀመሪያው 2 እና 3 ቀን ነው፣ ትነጫነጫለህ፣ ትምህርት አይገባህም፣ ይርብሃል፣ እንቅልፍ ይዛባል፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ ስለዚህ የፈተና ሳምንት ላይ አትጀምር። ውልብ የሚልብህ አምሮት አንዱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ ለዛች ደቂቃ ከቦታው ተነስ፣ ውሃ ጠጣ፣ ብሎኩን አንዴ ዙር።

ያንተ ጉዳይ ግን ቁልፉ ቅዳሜ ነው። ጫት ላይ ተቀምጦ ሲጋራ አላጨስም ማለት በጣም ከባድ ነው፣ ምርቃናው ራሱ ይጠራዋል፣ ሰኞ እስከ አርብ ታግሰህ ቅዳሜ አንድ ፓኮ ብታጨስ እንደገና ከዜሮ ነው። ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅዳሜ ከሰዓትን ሜዳ ላይ አሳልፈው፣ «አሰልጣኙ ጠርቶኛል» በላቸው፣ እውነትም ስለሆነ አያሳፍርም። ልጆቹ ሁሉም ሰው ያጨሳል ቢሉህ አትስማቸው፣ በፈረንጆቹ 2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው ሰው ትምባሆ የሚጠቀመው 5 በመቶ ነው፣ ክብ ሰርታችሁ ስትቀመጡ ነው ሁሉም የሚመስለው።

ሺሻው ውሸት ነው። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ መርዙን አያጣራም፣ ለዛ ነው የማያስልህ፣ ስለማያስልህም በጥልቀት ትስበዋለህ። አንድ ሰዓት ተቀምጠህ የምትስበው ጭስ ብዛቱ የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአንድ ሲጋራ ከ100 እጥፍ በላይ ነው። ሺሻም እንደ ቬፑ በህግ የተከለከለ ነው።

ለአባትህ አለመናገር መብትህ ነው፣ ለወንድምህ ግን ንገረው። እሱ ካላቆመ አንተ ፊት እንዳያጨስና አንድ ፍሬ ስጠኝ ስትለው እንዳይሰጥህ ብቻ ጠይቀው። ጤና ጣቢያ ስትሄድም ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ሆነህ ሲጋራ ምናምን ማለት አይጠበቅብህም፣ የወጣቶች አገልግሎት የት ነው በል፣ ይጠቁሙሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ባለሱቅ ነኝ ቱሉ ዲምቱ። ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው ይመጣሉ ሲጋራ ስጠን ለአባቴ ነው ይላሉ፣ የአንዳንዶቹ አባት ሀገር ውስጥ እንኳን እንደሌለ አውቃለሁ። እምቢ ስላቸው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይሸጥላቸዋል እኔ ደንበኛ ማጣት ብቻ ሆነብኝ። ደሞ ህጉ 18 ነው 21 ሚሉት? (ባለሱቅ)

መልስ፦ 21 ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የትምባሆ ምርት መሸጥ ይከለክላል፣ ስለዚህ ሱቅህ በር ላይ የቆመው ልጅ እድሜ ነው የሚታየው፣ አባቱ ኖረም አልኖረም። «ለአባቴ ነው» ሲሉህ «አባትህ ራሱ ይምጣ» በላቸው፣ ክርክር የለውም። 21 የሚለውን ጽፈህ በሩ ላይ ብትለጥፈው ደግሞ ጥሉ ካንተ ጋር ሳይሆን ከወረቀቱ ጋር ይሆናል።

ፓኮውን ከከረሜላና ከማስቲካው አጠገብ አታስቀምጠው፣ ከኋላህ ወይ ከባንኮኒው ስር አድርገው፣ ልጆቹ ሳንቲም ቆጥረው ሲመጡ ዓይናቸው የሚያርፈው እዛ ነው። ጎረቤትህን ባለሱቅ በተመለከተ መጀመሪያ ቡና ላይ አነጋግረው፣ ምናልባት እሱም 18 መስሎት ይሆናል። ካልሰማህ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው።